ስንዴ ስሙን ሲቀይር

የብስኩት ከረጢት ጀርባ ላይ የታተመችውን ደቃቅ ጽሑፍ ስንቶቻችን እናነባታለን? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አብዛኞቻችን የፊቱን ሥዕልና ዋጋውን አይተን ነው የምንገዛው፡፡ ቢበዛ ጊዜው አልፎበት እንደሆነ እናገላብጥ ይሆናል፡፡ ‹‹የተሻሻለ ስታርች፣ ማልቶዴክስትሪን፣ የማልት ተዋጽኦ፣ ኢ 330፣ ኢ 621…›› እያለ የሚወርደው ዝርዝር ለብዙዎቻችን የኬሚስትሪ ፈተና ነው፤ ከኬሚስትሪ ጋር ደግሞ ማትሪክ ላይ ተሰነባብተናል፡፡

ይህን ዝርዝር እንደ ሐኪም ትዕዛዝ ቃል በቃል የሚያነቡ ሰዎች ግን አሉ፡፡ ሴሊያክ የሚባለው ሕመም ያለባቸው ናቸው፡፡ በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ ግሉተን ተብለው የሚጠሩ ፕሮቲኖች አሉ፡፡ ሴሊያክ ያለበት ሰው እነዚህን ሲበላ የገዛ የሰውነቱ መከላከያ ተነስቶ ቀጭኑን አንጀት ያጠቃዋል፡፡ በአንጀቱ ግድግዳ ላይ እንደ ምንጣፍ ጸጉር ቆመው ምግብ የሚመጡት ጥቃቅን ጣቶች እየተላጩ ይሄዳሉ፡፡ ሰውየው ይበላል፣ ሰውነቱ ግን አይጠቀምበትም፡፡ ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ የደም ማነስ፣ የአጥንት መሳሳት ይከተላል፤ ሕፃን ከሆነ ዕድገቱ ይቆማል፡፡ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ምንም ምልክት ሳያሳይ ውስጥ ውስጡን ይሠራል፡፡ ያለው ሕክምና ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ነው፡፡

ዳቦና ፓስታ መተው ከባድ ቢሆንም ዳቦ ቢያንስ ዳቦ መሆኑ ይታወቃል፡፡ ችግሩ ስንዴ ሌላ ስም ይዞ ሲመጣ ነው፡፡ በሾርባ ዱቄት፣ በቋሊማ፣ በአይስክሬም፣ በቺፕስ ቅመም ውስጥ እንደ ማወፈሪያ ወይም እንደ ማጣፈጫ ሆኖ ይገባል፡፡ የዛሬው ጨዋታችን ስንዴ እነዚህን ስሞች እንዴት እንዳገኘና ሰዎች እውነተኛ ስሙን ማሸጊያው ላይ ለማስጻፍ ስንት ዓመት እንደፈጀባቸው ነው፡፡ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸው ልብ ይባልልን፡፡)

ሊጥ ያጠበው ሰውዬ

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ጣልያናዊ ነው፡፡ ያኮፖ ባርቶሎሜዮ ቤካሪ የሚባል የቦሎኛ ምሁር በ1728 ለከተማው የሳይንስ አካዳሚ አንድ ግኝት አቀረበ፤ ታትሞ የወጣው በ1745 ነው፡፡ ያደረገው ነገር ማንኛችንም ቤታችን ልንሠራው የምንችለው ነው፡፡ የስንዴ ሊጥ ወሰደና ውኃ ውስጥ እያሸ አጠበው፡፡ ውኃው እንደ ወተት ነጣ፤ እጁ ላይ የቀረው ደግሞ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ነገር ሆነ፡፡ ነጩ ውኃ ሲዘቅጥ የሚገኘው ስታርች ነው፡፡ የሚለጠጠው ግሉተን ነው፡፡ ቃሉ በላቲን ማጣበቂያ ማለት ነው፤ አማርኛ ቢሆን ‹‹ሙጫ›› ብለነው ባረፍን ነበር፡፡

ይህችን ሊጥ አጠባ ያዙልን፡፡ የኋላው ጣጣ ሁሉ የመጣው ስንዴ እንዲህ ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱም ግማሾች ለየብቻ ገበያ ከወጡ በኋላ ነው፡፡

የሚለጠጠው ግማሽ የገባበትን ጉድ ለማየት ወደ ጃፓን እንሂድ፡፡ በ1866 ካርል ሪትሃውዘን የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ግሉተንን በአሲድ ሰባብሮ አንድ አሲድ አገኘ፡፡ ከግሉተን ስለተገኘ ግሉታሚክ አሲድ አለው፡፡ በ1908 የቶኪዮው ፕሮፌሰር ኪኩናኤ ኢኬዳ የባሕር አረም ሾርባን የሚያጣፍጠው ይኸው አሲድ መሆኑን ደረሰበት፡፡ በማግስቱ ዓመት አጂኖሞቶ የሚባለው ዱቄት ለገበያ ቀረበ፡፡ የዛሬው ኢ 621 ማለት ነው፡፡ ታዲያ ፋብሪካው የባሕር አረም አልነበረም የሚጠቀመው፡፡ ይጠቀም የነበረው የስንዴ ግሉተን ነው! ግሉተኑን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ እየቀቀለ ይሰባብረዋል፤ የተረፈውን ስታርች ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ይሸጣል፡፡ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሌላ የጃፓን ኩባንያ ግሉታሚክ አሲድን የሚያመርት ባክቴሪያ እስካገኘ ድረስ ሥራው በዚህ መንገድ ቀጠለ፡፡ ዛሬ ኢ 621 የሚሠራው እንደ አገዳ ሞላሰስ ባሉ ስኳር ነክ ነገሮች ላይ ባክቴሪያ በማብላላት ስለሆነ የሴሊያክ ሕመምተኛ የሚፈራበት ምክንያት የለም፡፡ ቅድመ አያቱ ግን ስንዴ ነበረች፡፡

ይህን ያመጣነው ለወሬ ያህል አይደለም፡፡ የአንድ ጭማሪ ስም ከምን እንደተሠራ አይናገርም፡፡ ስሙ ሳይለወጥ ሥሩ ሊለወጥ ይችላል፡፡

መስል፣ ሙዝና ረሃብ

ስንዴ በፋብሪካ እንዲህ ሲገነጣጠል ሐኪሞች ገና ስንዴን አልጠረጠሩም ነበር፡፡ ‹‹ሴሊያክ›› የሚለው ስም ሆድ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን፣ የቀጰዶቅያው ሐኪም አሬቴዎስ ከክርስቶስ ልደት በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ምዕተ ዓመታት ሕመሙን ጽፎታል፡፡ በዘመናችን ቋንቋ የገለጸው ግን የለንደኑ ሐኪም ሳሙኤል ጂ ነው፤ በ1888 ዓ.ም እ.ኤ.አ. በወጣ ጽሑፉ፡፡ ጂ አንድ ትልቅ ነገር ተናግሯል፤ ሕመምተኛው የሚድን ከሆነ የሚድነው በምግብ ነው ብሏል፡፡ በየትኛው ምግብ የሚለው ላይ ግን ሳተ፡፡ ሩዝን ከለከለ፣ በስሱ የተጠበሰ ዳቦ ፈቀደ! ከሆላንድ የመጣ ምርጥ መስል (ዛጎል ለባሽ የባሕር ፍጥረት ነው) በቀን ከአንድ ሊትር በላይ ስትመገብ የነበረች አንዲት ሕፃን ተአምር በሚመስል ሁኔታ እንዳገገመች ጽፏል፡፡ የመስሉ ወቅት ሲያልፍ ልጅቷ ታመመች፡፡ በሚቀጥለው ዓመት መስል ሲመጣ ደግሞ ‹‹አልበላም›› አለች፡፡ ማን ይፈርድባታል?

በ1924 ኒውዮርክ ላይ ሲድኒ ሃስ የተባለ የሕፃናት ሐኪም የሙዝ አመጋገብ ይዞ መጣ፡፡ ልጆቹ ሙዝ ይበላሉ፤ ዳቦና ብስኩት አይበሉም፡፡ ዳኑ፡፡ ምስጋናውን ሙዝ ወሰደ፡፡ ያዳናቸው የበሉት ሳይሆን ያልበሉት ነገር መሆኑን የጠረጠረ አልነበረም፤ ስለዚህም ‹‹ተሽሏችኋል›› ተብለው ወደ ዳቦ የተመለሱ ልጆች ነበሩ፡፡

የጠረጠረው ሆላንዳዊው ዊለም ካሬል ዲከ ነው፡፡ በሔግ ከተማ የዩሊያና ሕፃናት ሆስፒታልን በ1936 በ31 ዓመቱ መምራት ሲጀምር ሴሊያክ ያለባቸው ልጆች በእጁ ነበሩ፡፡ ዳቦ ሲቀርባቸው እንደሚሻላቸው ቀደም ብሎ አስተውሏል፤ በ1941ም ስለዚህ አመጋገብ በሆላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፏል፡፡ ከዚያ ታሪክ ሳይጠየቅ ጭካኔ የተሞላበት ሙከራ ሠራለት፡፡ በ1944 መገባደጃ የናዚ ጦር ወደ ምዕራብ ሆላንድ የሚገባውን ምግብ ዘጋ፡፡ ‹‹የረሃብ ክረምት›› ተብሎ የሚታወቀው ይህ ነው፡፡ ከ20 ሺህ ሰው በላይ እንደሞተ ይገመታል፡፡ ሰዎች የቱሊፕ አበባ ሥር ቀቅለው በሉ፡፡ ዳቦ ጠፋ፡፡ ጤነኛው ሁሉ ሲከሳ ሴሊያክ ያለባቸው ልጆች ደህና ሆኑ፡፡ በ1945 ጸደይ የእርዳታ ዳቦ ሲመጣ ከተማው በደስታ ሲያለቅስ እነዚህ ልጆች ተመልሰው ታመሙ፡፡

ታሪኩ ብዙ ጊዜ ሲነገር ዲከ ነገሩን ያወቀው በረሃቡ እንደሆነ ተደርጎ ነው፡፡ እኛ ይህ አነጋገር ፍትሐዊ አይመስለንም፡፡ ረሃቡ ያረጋገጠለት ዓመታት ሙሉ ሲከታተለው የነበረውን ጥርጣሬ ነው፡፡ ከጦርነቱ በኋላም ልጆቹን ለረጅም ጊዜ እየተከታተለ ስንዴ ሲሰጣቸውና ሲከለክላቸው የሚሆኑትን እየመዘገበ በ1950 በዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ፡፡ ከዌየርስና ከቫን ደ ካመር ጋር ሆኖ ደግሞ የጥንቱን የቤካሪን ሥራ ደገመ፤ ስንዴውን ለሁለት ከፍሎ ለየብቻ ፈተሸው፡፡ የጎዳቸው ሙጫው ነው፡፡ በ1953 ባወጡት ጽሑፍ ከሙጫውም ውስጥ ግሊያዲን የሚባለውን ክፍል ለይተው ጠቆሙ፡፡ በደንብ የታጠበው ስታርች ግን አልጎዳቸውም፡፡

ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለሃምሳ ዓመታት ጭቅጭቅ ሆነች፡፡

‹‹በደንብ የታጠበ›› ማለት ስንት ነው?

ስታርች በደንብ ከታጠበ ጉዳት ከሌለው ከስንዴ ስታርች ለሕመምተኞች ዳቦ መጋገር ይቻላል ማለት ነው፡፡ በእንግሊዝና በሰሜን አውሮፓ ይህ ተደረገ፤ በእንግሊዝ እንዲያውም እንዲህ ያለው ዳቦ በሐኪም ማዘዣ ይሰጥ ነበር፡፡ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ የሕመምተኞች ማኅበራት ግን ‹‹ስንዴ ስንዴ ነው›› ብለው አሻፈረን አሉ፡፡ አንዱ ዓይነት ዳቦ ለንደን ላይ መድኃኒት ነው፤ ኒውዮርክ ላይ መርዝ፡፡

የዓለም የምግብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ኮዴክስ በ1980ዎቹ መጀመሪያ መስፈርት አስቀመጠ፡፡ በዚያን ጊዜ ግሉተንን በምግብ ውስጥ በቀጥታ የሚለካ አስተማማኝ ዘዴ ስላልነበረ ናይትሮጅንን ለካ፡፡ ፕሮቲን ናይትሮጅን አለው፤ ስለዚህ በ100 ግራም ደረቅ እህል ከ0.05 ግራም የማይበልጥ ናይትሮጅን ከተገኘ ‹‹ከግሉተን ነፃ›› ይባል ተባለ፡፡ ሌባውን በመልኩ መለየት ስላልቻሉ በጫማ ቁጥሩ እንደ መፈለግ ነው፡፡

የታጠበው ስታርች ደግሞ ዳቦ ቤት ብቻ አልቀረም፡፡ ተራ ስታርች ሶስ ውስጥ ሲገባ ሲቀዘቅዝ ውኃ ይተፋል፤ ሲሞቅ ይቀጥናል፡፡ ፋብሪካዎች በአሲድ ወይም በሌሎች ኬሚካሎች እያከሙ ጠባዩን አረቁለት፡፡ ‹‹የተሻሻለ ስታርች›› የሚባለው ይህ ነው፤ በአውሮፓ ዝርዝር ከኢ 1404 እስከ ኢ 1451 ባለው ሰፈር ይኖራል፡፡ ከበቆሎ፣ ከድንች፣ ከካሳቫ ወይም ከስንዴ ሊሠራ ይችላል፡፡ አሜሪካ ውስጥ በብዛት በቆሎ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ስንዴም ትልቅ ድርሻ አለው፡፡ ቁጥሩ ግን ለሁሉም አንድ ነው!

አውሮፓ የ‹‹ኢ›› ቁጥሮችን የጀመረችው በ1962 በማቅለሚያዎች ነው፡፡ ዓላማው ጥሩ ነበር፤ አንድ ጭማሪ በየአገሩ በየቋንቋው ሳይጠራ በአንድ ቁጥር እንዲታወቅ፡፡ ነገር ግን ቁጥሩ የሚናገረው ጭማሪው ምን እንደሆነ እንጂ ከየት እንደመጣ አይደለም፡፡ ለጤነኛ በላተኛ ይህ ምንም አይደለም፡፡ ሴሊያክ ላለበት ግን የሚያስፈልገው ጥያቄ ያ ብቻ ነው፡፡

ሌላም ቀዳዳ ነበር፤ የ25 በመቶው ሕግ፡፡ በ1978 የአውሮፓ መመሪያ መሠረት አንድ ምግብ ውስጥ የገባ ድብልቅ ነገር ከጠቅላላው ከ25 በመቶ በታች ከሆነ ውስጡ ያለውን መዘርዘር ግዴታ አልነበረም፡፡ ፒዛ ላይ ያለው ቋሊማ ‹‹ቋሊማ›› ተብሎ ያልፋል፡፡ ቋሊማው ውስጥ የዳቦ ፍርፋሪ ይኑር አይኑር የሚያውቀው የቋሊማው ባለቤትና ፈጣሪ ነው፡፡ ይህ ቀዳዳ የተደፈነው በ2003 በወጣና በ2005 መጨረሻ በተፈጸመ መመሪያ ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ ግሉተን ያለበት እህል በትንሹም ቢገባ፣ ጭማሪ ሆኖም ቢገባ፣ በእህሉ ስም መጻፍ አለበት፡፡

አሜሪካ በ1993 ‹‹ሃይድሮላይዝድ ፕሮቲን›› የሚባለው ማጣፈጫ ከየትኛው እህል እንደተሠራ እንዲጻፍ አዘዘች፤ የኢኬዳ የአሲድ ቅቅል የአጎት ልጅ መሆኑ ነው፡፡ በ2004 ዋናው የአለርጂ ሕግ ወጥቶ ከጥር 2006 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል፣ ስንዴ ከ8ቱ ዋና ዋና አለርጂ አምጪዎች አንዱ ሆኖ በስሙ መጠራት ግድ ሆነበት፡፡ ‹‹የተሻሻለ ስታርች›› ከስንዴ ከሆነ ስንዴ ይባላል፡፡ ትልቅ ድል ነው፡፡ ሕጉ ግን የአለርጂ ሕግ እንጂ የሴሊያክ ሕግ አልነበረምና ገብስን ረሳው፡፡

ገብስን መርሳት ማለት ደግሞ ማልትን መርሳት ማለት ነው፡፡ ማልት የፈረንጅ ምሥጢር እንዳይመስላችሁ፤ እናቶቻችን ለጠላ የሚያበቅሉት ብቅል ነው፡፡ ተነክሮ፣ በቅሎ፣ ደርቆ የተፈጨ እህል፡፡ ፋብሪካ ውስጥ በብዛት ገብስ ነው፡፡ ቁርስ እህሎች ላይ፣ ቸኮላት ውስጥ፣ አዲስ አበባ ላይ በየግሮሰሪው በሚሸጡት አልኮል አልባ የማልት መጠጦች ውስጥ አለ፡፡ ‹‹የማልት ተዋጽኦ›› ወይም ‹‹የማልት ማጣፈጫ›› የሚል ያየ የሴሊያክ ሕመምተኛ ‹‹ገብስ›› ብሎ ማንበብ አለበት፡፡ ማልቶዴክስትሪን ግን በስም ብቻ ነው የሚመሳሰለው፡፡ ከስታርች የሚሠራ ዱቄት እንጂ ብቅል አይደለም፤ ከስንዴ ሲሠራ እንኳ የሚቀረው ፕሮቲን እጅግ ጥቂት ስለሆነ አውሮፓ በ2007 እሱንና ከስንዴ የሚሠራውን የግሉኮስ ሽሮፕ ከአለርጂ ዝርዝር ነፃ አድርጋቸዋለች፡፡

የፍርሃት ዝርዝሮች

ማሸጊያው በማይናገርበት ዘመን ሕመምተኞች የራሳቸውን ዝርዝር አዘጋጁ፡፡ ‹‹ይህን ብሉ፣ ይህን ሽሹ›› የሚል፣ በፎቶ ኮፒ የሚዞር፡፡ መከራ ያስተማረው ጥንቃቄ ስለሆነ አንቀልድበትም፡፡ ግን ንጹሐንም አብረው ታስረዋል፡፡ የተጣራ አቼቶ፣ ካራሜል (ኢ 150)፣ ሲትሪክ አሲድ ሁሉ ለዓመታት ተጠርጣሪ ነበሩ፡፡ አቼቶ ከእህል አልኮል ቢሠራ እንኳ ሲጣራ ፕሮቲኑ ወደኋላ ይቀራል፤ የማልት አቼቶ ነው የተለየ ጉዳይ፡፡

ስለ ዝርዝር ካነሳን የቪልዥዊፉን ወረቀት ሳናነሳ አናልፍም፡፡ በ1976 ፈረንሳይ ውስጥ በታይፕ የተጻፈ አንድ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ፡፡ ቪልዥዊፍ ከሚገኘው የካንሰር ሆስፒታል የወጣ ነኝ ይላል፤ ሆስፒታሉ ቢክድም የሰማው የለም፡፡ ወረቀቱ ካንሰር ያመጣሉ ካላቸው የኢ ቁጥሮች ሁሉ አደገኛው ኢ 330 ነው ይላል፡፡ ኢ 330 ሲትሪክ አሲድ ነው፤ ሎሚ ውስጥ ያለው! ፋብሪካዎች ከስኳር ላይ በሻጋታ ያመርቱታል፡፡ አንድ ግምት አለ፤ ሲትሪክ አሲድ የሚሳተፍበት የሰውነት ኬሚስትሪ ‹‹የክሬብስ ዑደት›› ይባላል፣ ክሬብስ ደግሞ በጀርመንኛ ካንሰር ማለት ነው፡፡ ይህ እውነት ከሆነ የአንድ ሳይንቲስት የአባት ስም አውሮፓን አስደንግጧል ማለት ነው፡፡ ወረቀቱ ለዓመታት ከአገር አገር ዞረ፡፡ የዛሬ የቴሌግራም ‹‹ሼር አድርጉ›› አያት ነው፡፡

ከቁጥሮቹ መካከል ለሴሊያክ ሕመምተኛ ባለውለታ የሆኑም አሉ፡፡ ከግሉተን ውጭ ዳቦ ሲጋገር ይፈረካከሳል፤ የሚያያይዘው ሙጫ የለማ፡፡ በ1950ዎቹ ፒዮሪያ በተባለች የአሜሪካ ከተማ የግብርና መሥሪያ ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ አሊን ጂንስ የተባለች ኬሚስት ከባልደረቦቿ ጋር ጥቅል ጎመን ከሚያጠቁር ባክቴሪያ የተገኘውን ወፍራም ዝልግልግ ነገር አጠናች፡፡ ዛንታን ጋም ይባላል፣ ኢ 415፤ በ1969 ለምግብ ተፈቀደ፡፡ ዛሬ ከግሉተን ነፃ የሆነ ዳቦ ሲገዙ ብዙውን ጊዜ ያያያዘው እሱ ነው፡፡ ኢ 414ም ከግሉተን ጋር ዝምድና የለውም፡፡ ሱዳንም እኛም ከግራር የምንለቅመው ሙጫ ነው፡፡

20 ሚሊግራም

ጥቂት ስንት ነው የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘው ዘግይቶ ነው፡፡ በማድሪድ የኤንሪኬ ሜንዴዝ ቡድን የስንዴ፣ የገብስና የራይን ግሉተን በጋራ የሚለይ ፀረ እንግዳ አካል ሠራ፤ ከእንግዲህ የጫማ ቁጥር ሳይሆን መልክ ተገኘ፡፡ በ2007 ደግሞ ጣልያናዊው ካርሎ ካታሲና ባልደረቦቹ ፈቃደኛ ሕመምተኞችን ለ90 ቀናት አንዳንዶቹን 10፣ አንዳንዶቹን 50 ሚሊግራም ግሉተን፣ ሌሎቹን ባዶ ክኒን እየሰጡ አንጀታቸውን መረመሩ፡፡ በቀን 50 ሚሊግራም አንጀትን ለመጉዳት በቂ ሆኖ ተገኘ፡፡ አንድ ቁራጭ ዳቦ ከ2 ሺህ ሚሊግራም በላይ አለው፡፡ እስቲ አስሉት፤ የቁራጯ 40ኛ እጅ ማለት ነው፡፡

በ2008 ኮዴክስ ናይትሮጅኑን ጥሎ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ግሉተን የማይበልጥ ሲል ወሰነ፡፡ አውሮፓ በ2009 ተከተለች፡፡ አሜሪካ በራሷ ሕግ እስከ 2008 መወሰን ሲገባት ቆየች፤ ሕመምተኞችና ደጋፊዎቻቸው በ2011 ዋሽንግተን ላይ ከግሉተን ነፃ የሆነ ትልቅ ግንብ የሚያህል ኬክ ጋግረው ባለሥልጣናቱን አስታወሱ፡፡ ሕጉ በነሐሴ 2013 ወጣ፡፡ ቁጥሩ ያው 20 ነው፡፡ በዚህ ልክ 50 ሚሊግራም ለመድረስ በቀን ሁለት ኪሎ ተኩል ‹‹ከግሉተን ነፃ›› ምግብ መብላት ያስፈልጋል፡፡

መለኪያውም ቢሆን ይሸወዳል፡፡ ሶያ ሶስ በተለምዶ ከአኩሪ አተርና ከስንዴ ይብላላል፤ ቢራ ከብቅል፡፡ ሲብላላ ግሉተኑ ይሰባበራል፤ መመርመሪያው የሚፈልገው መልክ ይጠፋል፤ ጉዳቱ ግን መጥፋቱ አልተረጋገጠም፡፡ ስለዚህ አሜሪካ በ2020 ባወጣችው ደንብ እንዲህ ላለው ምግብ የመጨረሻውን ምርት መለካት ሳይሆን፣ ከመብላላቱ በፊት ግሉተን እንዳልነበረው በሰነድ ማሳየት ግድ ሆነ፡፡ ከቤካሪ 300 ዓመት ገደማ በኋላ ጥያቄው ተመልሶ ‹‹ከየት መጣ?›› ሆነ ማለት ነው፡፡

ሔግ፣ እንደገና

እዚህ ላይ ጤፍ ሳይነሳ እንደማይቀር ጠብቃችሁ ነበር፡፡ በ2005 የላይደን ተመራማሪዎች ጤፍ ሴሊያክን የሚቀሰቅሱት የግሉተን ክፍሎች እንደሌሉት በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ፡፡ ላይደን ያለችው ሆላንድ ነው፤ የመስሉ፣ የዲከ አገር፡፡ በ2007 ደግሞ አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ከአውሮፓ ፓተንት ቢሮ የባለቤትነት መብት አገኘ፡፡ እናቶቻችን ከነ ወፍጮአቸው ያልተጠየቁበት ጉዳይ ነው፡፡ ኩባንያው በ2009 ከሰረ፣ ፓተንቱ ግን እጅ እየቀየረ ኖረ፡፡ በኅዳር 2018 ፍርድ ቤት በሆላንድ ያለውን ፓተንት ዋጋ የለውም ብሎ ሰረዘው፡፡ ምንም አዲስ ፈጠራ የለበትም በማለት፡፡ ፍርድ ቤቱ ያለው ሔግ ነው፣ ዲከ ልጆቹን ያከመባት ከተማ፡፡

ጤፍ ነፃ ነው ማለት ግን እንጀራ ሁሉ ነፃ ነው ማለት አይደለም፡፡ በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ጤፍ ባጡበትና በተወደደባቸው ዓመታት ከስንዴ፣ ከገብስ፣ ፈረንጆቹ ለኬክ ከሚጠቀሙበት ባለ እርሾ የስንዴ ዱቄት ጋር መቀላቀል ለምደዋል፤ ጣዕሙንም ለምደውታል፡፡ ዋሽንግተን ያለ ምግብ ቤት ገብቶ ‹‹እንጀራ ግሉተን የለውም አይደል?›› ብሎ የሚበላ ፈረንጅ ስንዴ እየበላ ሊሆን ይችላል፡፡ አገር ቤትም ጤፍ በተወደደ ቁጥር የሚቀላቀለው ዓይነት በዝቷል፤ ሩዝና ማሽላ ከሆነ ለሕመምተኛው ችግር የለበትም፣ ገብስ ከሆነ ግን አለበት፡፡ እርሾውም ቢሆን ከትናንቱ ቡሆ የተረፈ ነው፤ ትናንት ገብስ የገባበት እርሾ ለዛሬው ንጹሕ ጤፍ ይደርሳል፡፡

አሜሪካ በ2021 ሰሊጥን 9ኛ አለርጂ አምጪ ብላ ዝርዝሩ ውስጥ ስታስገባ ገብስ አልገባም፡፡ በፋብሪካ የታሸገ እንጀራ ላይ ግን የዱቄቶቹ ስም ይጻፋል፤ ከ‹‹ጤፍ›› ቀጥሎ ያለውን ቃል ማየት ይቻላል፡፡ በፌስታል ታስሮ በየሱቁ የሚሸጠው ጽሑፍ የለውም፡፡ ለእሱ ያለው መፍትሔ ጋጋሪዋን በአክብሮት መጠየቅ ነው፤ ‹‹እትዬ፣ ጤፉ ላይ ምን ጨምረውበታል? እርሾውስ የምን ነው?››